ያልተነካው ሐብሐብ

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚህ አሜሪካ የምሠራበት ቦታ ሰመር ላይ ፒክኒክ ተዘጋጀ። ሁሉም ሰው የሆነ ነገር ይዞ ይምጣ ተባለ። ወጥ ለመሥራት ጊዜ ስላልነበረኝ ጠዋት ገበያ ሄጄ ትልቅ ሐብሐብ ገዛሁ፣ ቤት ወስጄ ቆራረጥኩት፣ ፍሪጅ ውስጥ አቆየሁትና በትልቅ ሳህን ይዤ ሄድኩ። ሙቀቱ አናት ይበሳል። ሐብሐቡ ደግሞ በረዶ ነው። ከዚህ የተሻለ ምን ይመጣል ብዬ ነበር።

አጠገቤ የተቀመጡት በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ጥቁር አሜሪካዊት የሥራ ባልደረባዬ ናቸው። ሥራ ስጀምር ሁሉን ነገር ያሳዩኝ፣ የኢንሹራንስ ወረቀት ግራ ሲገባኝ ምሳቸውን ትተው ቁጭ ብለው ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። ሳህኑን ወደሳቸው ገፋ አደረግኩት። "ይቅርብኝ" አሉ። እኛ ዘንድ እንግዳ አንዴ እምቢ ማለቱ የወግ ነው፤ ስለዚህ "ግድ የለም፣ ትንሽ ይቅመሱ" ብዬ ደገምኩ። ያኔ ወደኔ ጠጋ ብለው በቀስታ እንዲህ አሉኝ፦ "የኔ ልጅ፣ ሐብሐብ እወዳለሁ። እነዚህ ሰዎች ፊት ግን አልበላም።"

ዝም አልኩ። ምን እንዳሉ አልገባኝም ነበር። ሐብሐብ እኮ ነው። አገር ቤት አባቴ ሲገዛ በጣቱ አንኳኩቶ ድምፁን ሰምቶ የሚመርጠው፣ ልጆች ሆነን ፍሬውን ማን አርቆ ይተፋል ብለን የምንወዳደርበት። አንድ ሴት እስከዚህ ዕድሜያቸው ድረስ ሰው ፊት እንዳይበሉት የሚያደርግ ምን ነገር አለው?

ማታ ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህም ባገኘሁት ጊዜ ሁሉ አነባለሁ። ዛሬ የምጽፈው ያገኘሁትን ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከፍሬው ልጀምር። ሐብሐብ የአፍሪካ ነው። በ2021 የወጣ የዘረመል ጥናት ዛሬ ለምንበላው ሐብሐብ የቅርብ ዘመዱ የአገራችን ጎረቤት ሱዳን፣ ኮርዶፋን የሚበቅለው ውስጡ ነጭ የሆነ ዝርያ እንደሆነ አሳይቷል። ግብፅ ውስጥ የቱታንክሃሙን መቃብር ሲከፈት የሐብሐብ ፍሬ ተገኝቶበታል። አሜሪካ የገባው በቅኝ ግዛትና በባሪያ ንግድ ዘመን ነው። እና መጀመሪያ ላይ ከጥቁር ሰው ጋር የተያያዘ ምንም ስድብ አልነበረበትም። እንዲያውም አውሮፓውያን ሐብሐብን የጣልያን ወይም የዐረብ ድሃ ገበሬ ምግብ እያሉ ነበር የሚያንቋሽሹት። ይሄን ሳነብ አንድ ነገር በራልኝ። ፍሬው ያው ነው፣ የሚቀያየረው የሚናቀው ሰው ነው።

በባርነቱ ዘመን በአሜሪካ ደቡብ አንዳንድ ጌቶች በባርነት የያዟቸው ሰዎች በትርፍ ሰዓታቸው ሐብሐብ እንዲዘሩ፣ አልፎ አልፎም እንዲሸጡ ይፈቅዱ ነበር። ያኔ ጥቁር ሰው ሐብሐብ ሲበላ ማየት የሚያስቆጣው ሰው አልነበረም፤ የበላው በጌታው ፈቃድ ነዋ። ከዚያ የእርስ በርስ ጦርነቱ መጣ፣ በ1865 ባርነት በሕግ ተሻረ። ነፃ የወጣው ሰው መሬት የለውም፣ ገንዘብ የለውም፣ መሣሪያ የለውም። ሐብሐብ ግን ብዙ አይጠይቅም፤ ትንሽ ቁራሽ መሬትና ሦስት ወር ገደማ የሚዘልቅ ሙቀት ካለ ይደርሳል፣ መንገድ ዳር ደርድሮ ወይም ጋሪ ላይ ጭኖ መሸጥ ይቻላል፣ ገንዘቡም በቀጥታ ኪስ ይገባል። ብዙ ቤተሰብ በላቡ ያገኘውን የመጀመሪያ ሳንቲም ያየው እንዲህ ባለ ሥራ ነው። ለነሱ ሐብሐብ ከጣፋጭነቱ በላይ ነበር። ትናንት የሰው ንብረት የነበረ ሰው ዛሬ የራሱን ሐብሐብ በራሱ ሰዓት፣ አደባባይ ላይ ቁጭ ብሎ ይበላል።

ስድቡ የተወለደው እዚህ ጋ ነው።

በ1869 አንድ ታዋቂ የኒውዮርክ ሥዕላዊ ጋዜጣ ጥቁር ሰዎች ሐብሐብ ላይ ሲረባረቡ የሚያሳይ ሥዕል አወጣ፤ በዓይነቱ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም ይባላል። ከዚያ በኋላ ማቆሚያ አልነበረውም። ሐብሐብ ቁጭ ተብሎ ነው የሚበላ፣ ስለዚህ ሰነፍ ናቸው ተባለ። ውሃው አገጭ ላይ ይወርዳል፣ ስለዚህ ቆሻሻ ናቸው። ጣፋጭ ነው፣ ስለዚህ እንደ ሕፃን በትንሽ ነገር የሚደለሉ ናቸው። ሌባ ናቸው ለማለትም ከነጭ ገበሬ ማሳ ሐብሐብ ይዘው ሲሮጡ ይሣሉ ነበር። ይሄ ሁሉ የሆነው መቼ እንደነበር ደግሞ እንይ። በ1870 ጥቁር ወንዶች የመምረጥ መብታቸው ሕገ መንግሥት ውስጥ ገባ። በዚያው ዓመት ሃይረም ሬቭልስ ከሚሲሲፒ ተመርጠው የመጀመሪያው ጥቁር ሴናተር ሆኑ። ምክር ቤት ሊቀመጥ የሚመጣን ሰው ፊት ለፊት "አትችልም" ከማለት፣ በቁራሽ ሐብሐብ የሚደሰት ትልቅ ሕፃን አድርጎ መሣል ይቀላል። ሕፃን ደግሞ አይመርጥም፣ መሬት አይዝም፣ ሌላ ሰው ያስተዳድርለታል። መልእክቱ ይሄ ነበር።

ቀጥሎ ሥዕሉ ገበያ ወጣ። ፖስትካርድ፣ የልጆች መጫወቻ፣ የጨውና የቁንዶ በርበሬ መነስነሻ፣ የሻይ ፎጣ፣ የዘፈን ወረቀት ሽፋን፣ ሁሉም ላይ ያው አፉን የከፈተ ጥቁር ፊትና ቀይ ሐብሐብ። ፊልም የሚባል ነገር ገና ሲፈጠር፣ በ1896፣ የኤዲሰን ኩባንያ ካነሳቸው አጫጭር ፊልሞች አንዱ ጥቁሮች ሐብሐብ ለመብላት ሲሽቀዳደሙ የሚያሳይ ነው። ሚሺጋን ውስጥ ፌሪስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያሉ ዕቃዎችን ሰብስቦ የሚያሳይ ጂም ክሮው ሙዚየም የሚባል አለ። ስብስቡን በኢንተርኔት ሳየው የከበደኝ የሥዕሎቹ አስቀያሚነት ብቻ አልነበረም። እነዚህ የወጥ ቤት ዕቃዎች ናቸው። ሰው ቁርስ ሲበላ ጨው የሚነሰንስባቸው፣ ልጅ ጠረጴዛ ላይ እያያቸው የሚያድግባቸው። አንድ ነጭ ልጅ አንድም ጥቁር ጎረቤት ሳይኖረው ጥቁር ማለት ይሄ ነው ብሎ ያድጋል።

ጥቁር አሜሪካዊ የሚሰደብበት ሌላው ምግብ የተጠበሰ ዶሮ ነው፤ የሱም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1692 ቨርጂኒያ በባርነት ያሉ ሰዎች ፈረስ፣ ከብትና አሳማ እንዳይኖራቸው በሕግ ከለከለች። ዶሮን ከቁጥር ስላላስገቧት ዶሮ ማርባት ቀረላቸው። እንቁላሉን ሸጡ፣ ዶሮዋን ሸጡ፣ አጠባበሱንም እነሱ ተካኑበት፤ በየጌታው ቤት ወጥ ቤት የሚቆሙት እነሱ ነበሩና። ከነፃነት በኋላ እዚያው ቨርጂኒያ ጎርደንስቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ባቡር ሲቆም ጥቁር ሴቶች የተጠበሰ ዶሮና ትኩስ ዳቦ በትሪ ደርድረው፣ ትሪውን አናታቸው ላይ ተሸክመው፣ በባቡሩ መስኮት ለመንገደኛ ይሸጡ ነበር። ከነዚህ ሴቶች የአንዷ ልጅ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ እናቴ ይሄን ቤት የሠራችው በዶሮ እግር ነው ብላ ተናግራለች። እኔ ይሄን ሳነብ ትዝ ያሉኝ መናኸሪያ ውስጥ አውቶቡስ ሲቆም ቆሎና የተቀቀለ እንቁላል ይዘው በመስኮት የሚሯሯጡት እናቶች ናቸው። ስንቱ ልጅ በዚያ እንቁላል ተምሯል።

ይሄንንም ገለበጡት። በ1915 በወጣው፣ ዲ. ደብሊው ግሪፊዝ የሚባል ዳይሬክተር በሠራው "ዘ በርዝ ኦፍ ኤ ኔሽን" ፊልም ውስጥ ከጦርነቱ በኋላ በደቡብ ካሮላይና ምክር ቤት የተመረጡ ጥቁር ተወካዮች ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ጠረጴዛ ላይ ሰቅለው፣ አንዱ ደግሞ እዚያው ስብሰባ ላይ ዶሮ ሲግጥ ይታያል። ያ ፊልም ኋይት ሐውስ ውስጥ ሳይቀር ታይቷል። በ1925 ደግሞ ሶልት ሌክ ሲቲ ውስጥ፣ በስሙ ላይ የጥቁሮች ስድብ ያለበት የዶሮ ምግብ ቤት ተከፈተ። በሩ አንድ ትልቅ የሚስቅ ጥቁር ፊት ነው፤ ደንበኛው በአፉ ውስጥ አልፎ ነው የሚገባው። ቆይቶ ሲያትልና ፖርትላንድም ቅርንጫፍ ከፈተ። እነዚያ ሴቶች ቤት የሠሩበት ሙያ፣ የሌላ ሰው ሀብትና የእነሱ መሳለቂያ ሆነ።

አንዳንድ ሐበሻ ወገኖቼ "ይሄ የእነሱ ጣጣ ነው፣ እኛን አይመለከትም" ይላሉ። በግልጽ ልናገርና፣ እዚህ በየቤታችን "ጥቁር አሜሪካኖች እኮ ዶሮ ይወዳሉ" እየተባለ ሲሳቅ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ማን ነው ዶሮ የማይወደው? እኛ አይደለንም እንዴ ፋሲካ ሲመጣ ለአንድ ዶሮ ያን ሁሉ ሽንኩርት ስናቁላላ የምናድረው፣ አሥራ ሁለት ቦታ ከፋፍለን የማን ብልት የማን ነው የምንባባለው? በአሜሪካ ደቡብም ነጩም ጥቁሩም የተጠበሰ ዶሮ ይበላል፤ የሚሰደበው ግን አንዱ ብቻ ነው።

ደግሞ እኛን ሳይነካ አልቀረም። በ1997 ታይገር ዉድስ በ21 ዓመቱ ማስተርስ የሚባለውን ትልቁን የጎልፍ ውድድር አሸነፈ። በዚያ ውድድር አሸናፊው በቀጣዩ ዓመት ለቀድሞ ባለድሎች የእራት ግብዣ ምግብ የመምረጥ ወግ አለ። ፈዚ ዞለር የሚባል አንጋፋ ተጫዋች ካሜራ ፊት ቆሞ፣ የተጠበሰ ዶሮና ኮላርድ ግሪን እንዳያቀርብ ንገሩት ብሎ ቀለደ። በኋላ ይቅርታ ጠየቀ፣ ስፖንሰርም አጣበት። እኔ ግን ያነበብኩት ቃል ላይ ነው የቆምኩት። ኮላርድ ግሪን እኮ ጎመን ነው! እዚህ አገር የሐበሻ ምግብ ቤት ገብተን ጎመን ስናዝ የሚቀርብልን እሱ ነው። እናቴ ከመጣች ጊዜ ጀምሮ ገበያ ሄዳ በየሳምንቱ የምትገዛው፣ "የአገሬን ይመስላል" ብላ የምታመሰግነው ቅጠል። በስንቱ ረሃብ ቀን ሰው ያተረፈ ቅጠል። እሱን ነው መሳለቂያ ያደረገው።

"እናንተ አገር ምግብ አለ እንዴ?" የሚለውንስ ያልሰማ ሐበሻ አለ? እኔ ሥራ ቦታም፣ ታክሲ ውስጥም ተጠይቄያለሁ። በ1984 ዓለም በቴሌቪዥን ያየው ረሃብ እውነት ነበር፣ ስንት ሰው አልቆበታል። ያንን ሐዘን ወስዶ የቀልድ ማጣፈጫ ማድረግ ግን ከሐብሐቡ ሥዕል አይለይም። እነሱ በመብላታቸው ተሳቀባቸው፣ እኛ በመራባችን። የሚስቀው ሰው ግን አንድ ነው፣ ሲስቅም ሁለታችንን አይለይም።

በጣም የሚያናድደኝ ነገር ደግሞ አለ። ስድቡ የሚያበቃው የሚናገረው ሰው ሲሄድ አይደለም። የተሰደበው ሰው ውስጥ ይቀራል። በራሱ ገንዘብ የገዛውን፣ የሚወደውን ነገር ሊበላ ሲል ቀና ብሎ ማን እያየው እንደሆነ ይቃኛል። በ2014 ጥቁር አሜሪካዊቷ ደራሲ ጃክሊን ዉድሰን የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት በወሰደችበት ምሽት፣ በሕይወቷ ትልቁ በሚሆን ቀን፣ መድረክ መሪው ሐብሐብ እንደማይስማማት አንስቶ ቀለደባት። ሰውየው በኋላ ይቅርታ ጠይቋል። ግን ያ ምሽት ተመልሶ አይመጣም።

ወደ ባልደረባዬ ልመለስ። ያነበብኩትን ይዤ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ጠየቅኳቸው። ያደጉት ጆርጂያ ገጠር ነው። አባታቸው ሐብሐብ ያመርቱ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ፒካፕ ላይ ጭነው መንገድ ዳር ሲሸጡ እሳቸው ሐብሐቡ ላይ ቁጭ ብለው ሳንቲም ይቆጥራሉ። አንድ ቀን መኪና ውስጥ የነበሩ ነጭ ልጆች ሐብሐብ ሲበሉ አይተዋቸው ፍጥነት ቀንሰው እየዘፈኑ አለፉ። ዘፈኑን አልነገሩኝም። አባታቸው ምንም አልተናገሩም፤ የተቆረጠውን ሐብሐብ ከእጃቸው ወስደው በጨርቅ ጠቅልለው መኪናው ውስጥ አስቀመጡት። "በዚያ ሐብሐብ እኮ ነው ሦስታችንንም ያስተማረን" አሉኝ።

ባለፈው ሰመር ቤቴ ጋበዝኳቸው። እናቴ ጎመን፣ ምስርና አይብ ሠራች። ጎመኑን ሲቀምሱ ቆም አሉ። "ይሄ የእናቴ ነው" አሉ፤ የእናታቸው ያሳማ ሥጋ ገብቶበት ረጅም ሰዓት የሚበስል እንደነበር፣ የኛው ግን ነጭ ሽንኩርቱ እንደሚበልጥ ነገሩን። እናቴ እንግሊዝኛ ብዙ ባትሰማም ገባት፣ ደግማ ጨመረችላቸው፣ "በሞቴ" ብላ ሦስተኛም አጎረሰቻቸው። ከምሳ በኋላ እኔ ወጥ ቤት ሄጄ ፍሪጁን ከፈትኩ። ሐብሐብ ገዝቼ ነበር፤ ግን ላቅርብ አላቅርብ እያልኩ ቆሜያለሁ። እናቴ ምንም ስለማታውቅ ከእጄ ነጥቃ ወስዳ ጠረጴዛው መሃል አስቀመጠችው።

ሳህኑን ለአፍታ አዩት። ከዚያ ትልቁን ቁራሽ አነሱና ወደኔ ዞረው፣ "ጨው አለህ?" አሉኝ። አባታቸው የሚበሉት ጨው ነስንሰው ነበር አሉ። የጨው ዕቃውን አቀበልኳቸው።