ጣት ከጉሮሮ ሲማር፦ ከላልጉዲ ጃያራማን ቫዮሊን ጋር 14 ወር

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ዓመት ቫዮሊኔን መሬት ላይ ተቀምጬ እንደ አዲስ ልማር ነው ስላችሁ ብዙዎቻችሁ «ደግሞ ለምን?» ብላችሁኝ ነበር። ያን ጊዜ በወጉ ማስረዳት አቃተኝ። ዛሬ 14 ወር ሞልቶኛል፤ የሄድኩበትን፣ የተሰናከልኩበትንና አሁን የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ የቆየ ቅጂ ነው። ማታ እራት ከበላሁ በኋላ ስልኬን ከፍቼ ስሰማ ዘፋኝ ያለበት መስሎኝ ነበር። የለበትም። አንድ ቫዮሊን፣ ምሪዳንጋም የሚባለው ባለ ሁለት ፊት ከበሮና ከኋላ ሳይቋረጥ የሚያዜም ታምቡራ ብቻ ነው ያለው። ታዲያ ቃል ሳይኖረው ቃል ያለው ይመስላል። ደጋኑ አቅጣጫ የሚቀይረው ሰው ሲዘፍን ከአንዱ ቃል ወደ ሌላው በሚሻገርበት ቦታ ላይ ነው፤ ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ ሁሉ ይታወቃል። ያን ሌሊት ደጋግሜ ሰማሁት። ተጫዋቹ ላልጉዲ ጃያራማን ነበሩ።

ላልጉዲ የሰው ስም አይደለም፤ በደቡብ ሕንድ ታሚል ናዱ ውስጥ፣ ከቲሩቺራፓሊ ከተማ አጠገብ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ካርናቲክ የሚባለው የደቡብ ሕንድ ጥንታዊ ሙዚቃ ተጫዋቾች የትውልድ ቀያቸውን ከስማቸው ፊት ማስቀደም ልማዳቸው ነው። ጃያራማን እ.ኤ.አ. መስከረም 17 ቀን 1930 ተወለዱ። የዘር ሐረጋቸው ከላልጉዲ ራማ አየር ይመዘዛል። ራማ አየር ደግሞ ከሦስቱ የካርናቲክ ዜማ አባቶች አንዱ የሆነው የትያጋራጃ (1767–1847) ደቀ መዝሙር ነበሩ። ትያጋራጃ ራሱ ወደ ላልጉዲ መጥቶ ለከተማዋ ቤተ መቅደስ አምስት ዝማሬዎች ደርሷል። እንግዲህ ልጁ የተወለደው ዜማው ከአፍ ወደ አፍ ሲወርድ በኖረበት ቤት ነው።

መምህራቸው አባታቸው ቪ. አር. ጎፓላ አየር ነበሩ። ብርቱና ጥብቅ ሰው እንደነበሩ ይነገራል፤ ልጁ ጣቱን እንዳይጎዳ እርሳስ እንኳ እንዲቀርጽ አይፈቅዱለትም ነበር ይባላል። ይህን ሳነብ የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ትዝ አሉኝ። የኔታ ከፊት ሆነው ያዜማሉ፣ ተማሪው ይቀበላል፣ እስኪዋሐደው ድረስ ይመላለሳል። ጎፓላ አየርም ልጃቸውን ያስተማሩት እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ በአፍ፣ ከዚያ በክር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለእኛ ለቫዮሊን ተማሪዎች ደስ የሚል ስለሆነ። ቫዮሊን ለደቡብ ሕንድ የመጣ ዕቃ ነው። ከሦስቱ የዜማ አባቶች ሌላው የሆነው የሙቱስዋሚ ዲክሺታር ወንድም ባሉስዋሚ ዲክሺታር ማድራስ (የዛሬዋ ቼናይ) ውስጥ የአውሮፓውያንን አጨዋወት ተምሮ ነው ወደ አገሩ ዜማ ያስገባው። ከዚያ በኋላ መሣሪያውን እንዳለ አልተዉትም። አያያዙን ለወጡት፣ ቅኝቱን ለወጡት፣ የራሳቸው አደረጉት።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የእኔም ትግል ከዚሁ ከአያያዙ ጋር ነበር። መሬት ላይ እግርን አጣጥፎ መቀመጥ፣ የቫዮሊኑን ታች ከግራ ትከሻና ከደረት መካከል ማስደገፍ፣ ጭንቅላቱን የቀኝ እግር ቁርጭምጭሚት ላይ ማሳረፍ። እንጨቱ አጥንቴ ላይ እያረፈ አሳመመኝ፤ ነጠላ አጣጥፌ ከሥሩ ማድረግ ከጀመርኩ ወዲህ ነው የተገላገልኩት። ጥቅሙን ያወቅሁት ግን ወዲያው ነው። መሣሪያው በሁለት በኩል ስለሚደገፍ ግራ እጅ ምንም አይሸከምም። አገጬና መዳፌ ይዘውት ሳለ የማልደፍረውን ከክሩ ጫፍ እስከ ጫፍ መንሸራተት አሁን ያለ ስጋት አደርገዋለሁ። ካርናቲክ ያለ መንሸራተት አይሆንም።

ቅኝቱም ሌላ ነው። እኛ የለመድነው ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ነው። እነሱ አራቱን ክር ሳ፣ ፓ፣ ሳ፣ ፓ አድርገው ይቃኙታል፤ ማለትም መነሻው ድምፅና አምስተኛው፣ ከዚያም ያንኑ ከፍ ባለ እርከን። ሳን ፋ ላይ ካደረግነው ሶል ወደ ፋ፣ ሬ ወደ ዶ፣ ላ ወደ ፋ፣ ሚ ወደ ዶ ይወርዳሉ። እዚህ ላይ አንድ ጥፋት ሠርቻለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር በለመድነው ቅኝት ስለምጫወት ያንኑ ቫዮሊን በየሳምንቱ ወደ ላይ እየሳብኩ ወደ ታች እየለቀቅኩ ቆየሁ። በአራተኛው ሳምንት የላይኛው ክር ጠረጴዛዬ ላይ ተበጠሰ። ክር በቀላሉ በማይገኝበት ከተማ ይህ ከባድ ነው። አሁን ለካርናቲክ ብቻ የማውለው አሮጌ ቫዮሊን አለኝ፤ የምትጀምሩ ካላችሁ ይህን ከመጀመሪያው አስቡበት።

አስተማሪዬ ቼናይ ያሉ ትልቅ ሴት ናቸው፤ በቪዲዮ ነው የምንገናኘው። እኔ ዘንድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲሆን እሳቸው ዘንድ 3 ሰዓት ተኩል ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን ቫዮሊኔን አስተካክዬ ስጠብቅ «አስቀምጠውና ዝፈን» አሉኝ። ለሦስት ሳምንት ደጋን አልነካሁም። ሰባቱን ድምፆች በስማቸው ሳ ሪ ጋ ማ ፓ ዳ ኒ እያልኩ፣ ቀኝ እጄ ጭኔን እየመታ። አዲ ታላ የሚባለው ምት 8 ነው፦ አንድ ምት፣ ከዚያ ከትንሿ ጣት ጀምሮ ሦስት ጣት መቁጠር፣ ከዚያ መታ አድርጎ መዳፍ መገልበጥ፣ ደግሞ መታ አድርጎ መገልበጥ። ምክንያቱ የገባኝ ደጋን ሳነሳ ነው። ሁለቱም እጅ ሲያዝ ምቱን የሚቆጥርልህ የለም፤ ቀድሞ ሰውነትህ ውስጥ ካልገባ የለህም።

እዚህ ጋ ወደ ጃያራማን ልመለስ፤ የእሳቸው ታሪክ ይህንኑ ያስረዳልና። በ12 ዓመታቸው መድረክ የወጡት በአጃቢነት ነው። በካርናቲክ ዝግጅት ቫዮሊን አጃቢው ከዘፋኙ ጎን ተቀምጦ እንደ ጥላ ይከተላል። ዘፋኙ ራጋውን (የዜማውን ቅኝት ማለት ነው) ያለ ምት ሲዘረጋ የየሐረጉን ጫፍ ይይዛል፤ ዘፋኙ ሲያርፍ ተራው የእሱ ይሆናል፤ ቆይተውም ሁለቱ በዚያው ቅጽበት የፈጠሩትን ድምፅ እየተቀባበሉ ይመላለሳሉ። ምን እንደሚመጣ አስቀድሞ የሚነግረው የለም። ጃያራማን እንዲህ ሆነው ከአሪያኩዲ ራማኑጃ አየንጋር፣ ከቼምባይ ቫይድያናታ ባጋቫታር፣ ከሴማንጉዲ ስሪኒቫሳ አየር፣ ከጂ. ኤን. ባላሱብራማኒያምና ከማዱራይ ማኒ አየር ጋር ተጫውተዋል። እያንዳንዱ የራሱ ጉሮሮና የራሱ አካሄድ ያለው ትልቅ ዘፋኝ ነው። ለዓመታት የእነዚህን ሁሉ ትንፋሽ የተከተለ ሰው ደጋኑ እንደ ሰው ቢናገር የሚገርም አይደለም። የላልጉዲ ስልት የሚባለው ይኸው ነው፤ የዝማሬውን ቃል በክር ላይ ማሰማት።

ከአጃቢነቱ አልፈው ለብቻቸው መድረክ መያዛቸው ደግሞ ቫዮሊንን ከጎን ወደ መሐል አመጣው። እ.ኤ.አ. በ1965 በኤድንብራ ፌስቲቫል ሲጫወቱ ዝነኛው ቫዮሊን ተጫዋች ይሁዲ ሜኑሂን ሰምቷቸው የጣሊያን ቫዮሊን አበረከተላቸው። በ1966 ከዋሽንት ተጫዋቹ ኤን. ራማኒና ቪና የሚባለውን የሕንድ ባለ ክር መሣሪያ ከሚጫወቱት ከአር. ቬንካታራማን ጋር ሦስቱን መሣሪያዎች እኩል አድርገው አቀረቡ። እህታቸው ስሪማቲ ብራህማናንዳም ቫዮሊን ተጫዋች ናቸው፤ ልጆቻቸው ጂ. ጄ. አር. ክሪሽናንና ቪጃያላክሽሚም እንዲሁ፤ አባትና ልጆች በአንድ መድረክ ላይ ይጫወቱ ነበር። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ዘፋኟ ቦምቤይ ጃያሽሪ የእሳቸው ተማሪ መሆኗ ነው። ቫዮሊን ተጫዋች ዘንድ ሄዳ ዘፈን ተማረች! ፓድማ ቡሻን የተባለውን የመንግሥት ክብር በ2001 ተቀብለው በሚያዝያ 2013 ቼናይ ውስጥ አረፉ።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ። የጀማሪ ልምምዱን በማያማላቫጎውላ ራጋ ጨርሼ ስድስተኛው ወር ላይ ሞሐናም የሚባለው ራጋ ተሰጠኝ። ድምፆቹን ሳይ ደስ አለኝ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። የእኛው ትዝታ ሜጀር! ይህንንማ በእንቅልፍ ልቤ እጫወተዋለሁ ብዬ ጀመርኩ። አስተማሪዬ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «የሚያምር ነው፤ ግን ሞሐናም አይደለም» አሉ። አንድም ድምፅ አልሳትኩም። አምስቱ ድምፆች ትክክል ናቸው። ታዲያ ምን ጎደለ?

ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። ትዝታን የምንጫወተው የራሱ ማረፊያና የራሱ ማልቀሻ እያለው ነው፤ እኔ ሳላውቀው ሐረጌን ሁሉ ወደዚያ እየወሰድኩት ነበር። በካርናቲክ ድምፅ ነጥብ አይደለም፤ ጋማካ የሚሉት መወዛወዝ አብሮት ይወለዳል። ሞሐናም ውስጥ ሪን ስይዝ ጣቴ ቆሞ አይቀርም፤ ወደ ጋ ተንሸራቶ ይመለሳል፤ ዳም የራሷ ንቅናቄ አላት። እኛ ቪብራቶ የምንለው ድምፁ ላይ የሚጨመር ማሳመሪያ ነው፤ ይህ ግን ራሱ ድምፁ ነው። የጃያራማንን ቅጂ በግማሽ ፍጥነት አድርጌ አንዷን ሐረግ ብቻ ሳዳምጥ ሰነበትኩ። አራት ሰከንድ ናት። ዘፈንኳት፣ ቀዳኋት፣ ከሳቸው ጋር አጫወትኳት። ከአርባ በላይ ሙከራ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ጉሮሮዬ መጀመሪያ፣ ጣቴ ቀጥሎ ገቡበት። ትዝታው ሄደ። ያው አምስት ድምፅ፣ ሌላ አገር።

ስለ ድርሰቶቻቸውም ትንሽ። ጃያራማን ቫርናም የሚባሉ የመክፈቻ ዜማዎችና ቲላናዎች በብዛት ደርሰዋል። ቲላና ቃሉ አብዛኛው የምት ፊደል የሆነ፣ ባራታናትያም የሚባለው የደቡብ ሕንድ ውዝዋዜ ዳንሰኞች በመዝጊያ የሚጨፍሩበት ፈጣን ዓይነት ነው። በሞሐናካልያኒ ራጋ የደረሱትን ስሙልኝ፤ ሲወጣ የሞሐናምን አምስት ድምፅ ይዞ ይወጣል፣ ሲወርድ በካልያኒ ሰባት ድምፅ ይወርዳል። ለትዝታ ጆሮ ላለው ሰው ሲወጣ ቤቱ ያለ ይመስለዋል፤ ሲወርድ ነው እንግዳ አገር መሆኑን የሚያውቀው። መጫወቱ ገና ሩቄ ነው።

አሁን የያዝኩት የሞሐናም ጊታም ነው፣ አጭርና ለተማሪ የሚሰጥ። ባለፈው ሐሙስ ስጫወትላቸው አስተማሪዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ቃሉን ከደጋኔ ጋር ማንጎራጎር ጀመሩ። ከዚህ በፊት አድርገውት አያውቁም። አንደኛው መስመር አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ። ሦስተኛው ላይ ቆሙና ዓይናቸውን ገለጡ። ደጋኔ ስላለቀብኝ ቃሉ መሐል ላይ አቅጣጫ ቀይሬ ነበር።

«ቃሉን ቆረጥከው» አሉኝ። «ከላይ ጀምር።»