ከኤአይ መልስ ሳይሆን ፎርሙላ መጠየቅ

የዚህ ወር ማስታወሻዬ ስለ አንድ ለውጥ ነው። የኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) መሣሪያዎችን፣ ቻትጂፒቲንም ሆነ ጀሚናይን፣ «ይህን አስላልኝ» ማለት ትቻለሁ። አሁን የምለው «ማስሊያውን፣ ማለትም የኤክሴል ፎርሙላውን፣ ሥራልኝ» ነው። ሜክሲኮ አካባቢ ባለው ቢሯችን፣ የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ፣ ይህች ነገር ብዙ ሥራ አቅልላልኛለች።

ከዓመት ፈቃድ ልጀምር። «3 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ስንት ቀን ፈቃድ አለው?» ብላችሁ ጠይቁት። አንዳንዴ 16 ይላችኋል፤ ያውም ፍርጥም ብሎ። ቁጥሩ የመጣው ከድሮው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 377/96 ነው። በዚያ ሕግ መነሻው 14 የሥራ ቀን ሆኖ በየዓመቱ አንድ ቀን ይጨመር ነበር። አሁን የምንሠራበት አዋጅ 1156/2011 ከ16 ይነሳል፤ የሚጨምረው ግን በየሁለት ዓመቱ አንድ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው 17 ነው።

ገራሚው 5 ዓመት ላይ ያለው ነው። እዚያ ሁለቱም ሕጎች 18 ይሰጣሉ! በ5 ዓመት ሠራተኛ ብቻ ሞክራችሁ «ልክ ነው» ካላችሁ ስህተቱ ተደብቆ ይቀራል። መፈተኛውን የምመርጠው ሁለቱ ሕጎች በሚለያዩበት ቦታ ነው።

እናም ስለ ዓመት ፈቃድ የሚናገረውን የአዲሱን አዋጅ አንቀጽ 77 ለብቻው አውጥቼ ለኤአዩ ሰጠሁትና «በዚህ ብቻ ተመርተህ የኤክሴል ፎርሙላ ጻፍ» አልኩት። ሙሉውን የነጋሪት ጋዜጣ ፋይል አትስጡት። ገጹ አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ስለሆነ ጽሑፉ ሲገለበጥ መስመሩ ይደባለቃል። የቆዩት ደግሞ በድሮ ፎንት የተጻፉ ስለሆኑ ኮፒ ሲደረጉ ምልክት ብቻ ሆነው ይወጣሉ።

ቀን መለወጥም እንደዚሁ ነው። «ይህ ቀን በፈረንጅ ስንት ነው?» ስትሉት አብዛኛውን ጊዜ ያገኘዋል። ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ግን በአንድ ቀን ይስታል። ፎርሙላው እንካችሁ፦ ከዓመቱ 1 ቀንሱና በ365 አባዙ። ዓመቱን ራሱን ለ4 አካፍላችሁ ሙሉ ቁጥሩን ብቻ ደምሩ። ከወሩ 1 ቀንሳችሁ በ30 አባዙና ደምሩ። ቀኑን ጨምሩ። ከጠቅላላው 690,799 ቀንሱ። የሚወጣው ኤክሴል የሚያውቀው የቀን ቁጥር ነው፤ ሴሉን ወደ ቀን ፎርማት መለወጥ ብቻ ነው የሚቀራችሁ። መፈተኛው መስከረም 1 ቀን 2016 ነው፤ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 መምጣት አለበት። 11 ካመጣ የሆነ ቦታ የሉቃስን ዘመን ረስቷል።

ብዙ ጊዜ የፈጀብኝ ስም ማመሳከር ነው። የደመወዝ ዝርዝሩ ላይ «ኃይሉ»፣ የጡረታው ላይ «ሀይሉ»፣ የመዝገብ ቤቱ ላይ «ሃይሉ» ይላል። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኤክሴል ሦስት። በቪሉካፕ (የአንዱን ዝርዝር ስም ሌላው ውስጥ በሚፈልገው የኤክሴል ፎርሙላ) ቢፈለግ «የለም» ብሎ ቁጭ ነው። እዚህ የጠየቅኩት የመለወጫ ሠንጠረዥ ነው፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ። 5 ፊደላት በ7 ቤት 35 መስመር ይሆናሉ። በዚያ ላይ ሃ እና ሀ፣ ኣ እና አ አሉ። ክፍተትም ማጥፋት ያስፈልጋል፤ «ኃይለ ሥላሴ» አንዱ ጋ ተለያይቶ ሌላው ጋ ተጋጥሞ ነው የሚጻፈው።

ይህን ሁሉ አድርጌም «ገ/ማርያም» እና «ገብረማርያም» አልገናኝ አሉኝ። ኤአዩ ያዘጋጀው የአህጽሮት ዝርዝር ጎደሎ ነበር። የመዝገብ ቤቱን ጋሼን ጠየቅኳቸው። «ወ/ገብርኤልን፣ ተ/ሃይማኖትን፣ ኃ/ማርያምን ጻፍ፤ የቀረውን ከምሳ በኋላ እነግርሃለሁ» አሉኝ። ነገሩኝም። ከየትኛውም መሣሪያ የተሻለ ዝርዝር ነበር፤ እሳቸው ግን አሁንም ኮምፒውተር አጠገብ መቀመጥ አይወዱም።

ፎርሙላ መጠየቅ ሌላ ጥቅም አለው፦ የሰው መረጃ ከቢሮ አይወጣም። ስም፣ ደመወዝና የሕክምና ፈቃድ ያለበትን ፋይል ቻት ላይ የሚለጥፉ ጓደኞች አሉኝ፤ አልስማማም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ወጥቷል፤ ባይወጣም ነገሩ ያሳፍራል። እኔ ሁለት ሦስት የፈጠራ ስሞች እሰጠዋለሁ፤ ለፎርሙላ በቂ ነው።

ደብዳቤ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። «ጉዳዩ፦» እና «ግልባጭ» ያለበትን የቢሮውን አሮጌ ደብዳቤ፣ ስሙን አጥፍታችሁ፣ እንደ ናሙና ካልሰጣችሁት ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ የሚመስል ነገር ነው የሚጽፍላችሁ።

የሥራ እድገቱስ? ማዕረጌ ያው ነው፤ አልዋሻችሁም። ግን የሩብ ዓመቱን ሪፖርት አሁን እኔ ነኝ የማዘጋጀው። ፋይናንስ ክፍልም ስም ሲምታታበት እኔ ጋ ይደውላል። በአፈጻጸም ምዘናው ላይ «ኤአይ እጠቀማለሁ» ብዬ አልጻፍኩም። «የሦስት ክፍሎችን የስም ዝርዝር የሚያመሳክር ፋይል ሠራሁ» ብዬ ነው የጻፍኩት፤ አለቃዬም ጥያቄ የጠየቁኝ እሱ ላይ ነው። ሰርተፊኬት የምትፈልጉ «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» በተባለው የመንግሥት የኢንተርኔት ሥልጠና ላይ የኤአይ መሠረታዊ ኮርስ በነፃ አለ። ቤት ውስጥ ኔትወርክ ካስቸገራችሁ ቅዳሜ አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሂዱ፤ ግን በጠዋት።

የሚቀጥለው ሥራዬ የአዲስ ሠራተኛ የሙከራ ጊዜ ነው፤ 60 የሥራ ቀን መቼ እንደሚያልቅ ማስላት። ችግሩ በዓላት ናቸው። መስቀል ቀላል ነው። ገና በዮሐንስ ዘመን ታኅሣሥ 28 ይውላል። ፋሲካን በባሕረ ሐሳብ ማውጣት ይቻላል። ኢዶቹ ግን ጨረቃ ሲታይ ስለሆነ በእጅ ነው የሚገቡት። ከ2015 ወዲህ ያሉትን በሠንጠረዥ የያዘ ካለ ይላክልኝ፤ እኔ የስም መለወጫውን እልካለሁ።