«ምኑን ሠራኸው?»

ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ ክፍል የሚያከራዩ እትዬ ናቸው የደወሉልኝ፣ የቦይለሩ ሙቅ ውሃ ለብ ብሎ ብቻ ነው የሚወርደው፣ ባለፈው ወር ሌላ ባለሙያ ሙቀቱን የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታትም ውሃውን የሚያሞቀውን ሬዚስታንስም ቀይሮት ያው ነው አሉኝ። ሁለቱም ተቀይሮ ያው ከሆነ ጣጣው ቦይለሩ ውስጥ ላይሆን ይችላል፣ ገና ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ነው የጠረጠርኩት።

ደርሼ ከቦይለሩ የሚወጣውን ቱቦ ብነካው ያቃጥላል፣ እጅ አያስቀምጥም። ኩሽና ስከፍት ግን ለብ። ወደ ቦይለሩ የሚገባውን ቀዝቃዛ ዘጋሁና የኩሽናውን ሙቅ ከፈትኩት፣ ትንሽ ወርዶ መቆም ነበረበት፣ እሱ ግን ዝም ብሎ ይወርዳል። የሆነ ቦታ ቀዝቃዛው ወደ ሙቁ መስመር እየተሻገረ ነው ማለት ነው። ጓሮ ዞርኩ፣ ልብስ ማጠቢያው ጋር ሙቅና ቀዝቃዛ የሚቀላቅል ቧንቧ፣ ሚክሰር አለ፣ ጎማ ተሰክቶበታል፣ ጎማው ጫፍ ላይ ሲጫኑት ውሃ የሚረጭ ሽጉጥ። ሠራተኛዋ ስትጨርስ የምትዘጋው ሽጉጡን ብቻ ነው፣ ሚክሰሩ መሀል ላይ ክፍት ይቀራል፣ ቀዝቃዛው እዛው ውስጥ ወደ ሙቁ ይገባል። ዘጋሁት፣ ኩሽና ተመለስኩ፣ ቀጥ ብሏል። የቦይለሩን መግቢያ ስለቀው ሙቁ እየጨሰ መጣ።

«አለቀ?» አሉኝ።
«አለቀ እትዬ።»
«ምኑን ሠራኸው?»
«ጓሮ ያለውን ቧንቧ ዘጋሁት።»
«ቧንቧ መዝጋትማ እኔስ አላውቅም? ያኛው ልጅ እኮ ላቡ ጠብ እስኪል ነው የሠራው። አንተ እቃ እንኳን አላወጣህም፣ ያው የባጃጅህን ልስጥህ።»

እንግዲያው ሚክሰሩ ጋር በሙቁም በቀዝቃዛውም ውሃ ወደ ኋላ የማያሳልፍ ቼክ ቫልቭ እናስገባ፣ ልጅቷ ብትረሳም አይሻገርም አልኳቸው። «ያልተበላሸ ነገር ላይ ምን እቃ ታስገባለህ፣ ይልቅ ቦይለሩን ከፍተህ እየው!»

እሺ አልኩ። ብሬከሩን አወረድኩ፣ 80 ሊትሩን አፈሰስኩ፣ ሬዚስታንሱን ሳወጣው ነጭ ቅርፊት ለብሶ ጣት አክሏል፣ ቦይለሩን ከዝገት የሚጠብቀው ማግኒዚየም አልቆ ሽቦው ቀርቷል። በወር ውስጥ እንዲህ የሚሆን አዲስ ሬዚስታንስ እኔ አላየሁም። ቴርሞስታቱ ግን እውነትም አዲስ ነው፣ አልዋሽም። የሰው እንጀራ ላይ አልናገርም ብዬ ዝም አልኩ፣ የጓደኛዬን ስም ለማጥፋትም አይደለም፣ ጓደኛዬም አይደለም።

ቅርፊቱን በካቻቢቴ ፋቅ ፋቅ ሳደርገው ግማሽ ሳፋ ሞላ። ከውሃው ለብ ማለት ጋር ምንም አያገናኘውም፣ ቢቆይ ሬዚስታንሱን ያቃጥለው ነበር እንጂ። እትዬ ሳፋውን ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ይኸው በሽታው! ይሄን ነው እኮ የምልህ!» ጎረቤት ተጠራ፣ ተከራዮቹም ወጥተው አዩት፣ ቡና ተፈላልኝ፣ ከጠየቅኩትም ጨምረው ከፈሉኝ። ስወጣ ሠራተኛዋን ጠጋ ብዬ ሽጉጡን ሳይሆን ሚክሰሩን ዝጊ አልኳት፣ እሺ ጋሼ አለችኝ።

ከዛ በኋላ የትም ቤት ስሄድ ችግሩን ባገኘውም መጀመሪያ ሽፋን እፈታለሁ፣ ቴስተር አስነካካለሁ፣ ትንሽ አልባለሁ።

ሰሞኑን እትዬ ደወሉ። «ያ ነጭ ነገር ተመልሶ መጣ መሰለኝ፣ ውሃው ለብ ብሏል።»

ስልኩን ለሠራተኛዋ ይስጧት ልል ነበር። «ሳፋ ያዘጋጁ፣ መጣሁ» አልኳቸው።