የጅማ ባቡር ጣቢያ የት ይሁን?

ጀርመን ስኖር ሰው ያገኘሁት በትንሽዬ ባቡር ነው። ባቡሩን አሻንጉሊት ስለው የሞዴል ባቡር ማኅበርተኞቹ ይቀየሙኝ ነበር። ዓርብ ማታ ምድር ቤት ይሰበሰባሉ። ተራራውን፣ ድልድዩን፣ መንደሩን አሳንሰው ይሠራሉ፤ መሀሉን ባቡር ያቋርጠዋል። ቋንቋው ገና ስላልገባኝ ዛፍ መትከሉን ለእኔ ሰጡኝ። ለዛፍ ሰዋስው አያስፈልግም። ሥራ ቦታ ስሜን በቅጡ የሚጠራኝ ሳይኖር፣ እነዚህ ሽማግሌዎች "ና፣ ኮላውን ያዝ" አሉኝ።

ጅማ ስመጣ ሀዲዱን በሻንጣ ይዤ መጣሁ። ከውጭ የመጣ ሰው ሻንጣ ሲከፈት ቤተሰቡ እንዴት እንደሚከብ ታውቃላችሁ። እህቴ ሀዲዱን አየች፣ እኔን አየች። "ኪሎህን የጨረስከው በዚህ ነው?" አለችኝ። የሰፈር ልጆች ግን ወዲያው ገባቸው። ሁሉ ነገር 87 ጊዜ ያንሳል ስላቸው ራሳቸውን መለካት ጀመሩ። 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው ሁለት ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም።

እንደ ጀርመኖቹ ሥራውን ተከፋፈልነው። እያንዳንዱ የራሱን ጣውላ ቤቱ ወስዶ ይሠራል። ሀዲዱ ጫፍ ላይ የሚወጣበት ቦታና ከፍታው ግን የሁሉም አንድ መሆን አለበት፤ ካልገጠመ ባቡሩ ይወድቃል። ይህን በርጩማ ለሚጠርቡት ጎረቤታችን ላስረዳ ስል አላስጨረሱኝም። "እርጥብ እንጨት ነው ያመጡልህ፤ ዛሬ ቢገጥም ነገ ይጣመማል" አሉና ጣውላውን ሁሉ ወስደው ጣራቸው ሥር ሰቀሉት።

ሌላው ዕቃ እዚሁ ሞልቷል። ሰጋቱራ አረንጓዴ ቀለም ሲነከር ሣር ይሆናል፤ የቡና አተላ ደርቆ አፈር። ጀርመኖቹም አተላ ይጠቀማሉ፤ ለአንዲት ማሳ የሚበቃ እስኪጠራቀም ግን ስንት ዓርብ ያልፋል። እዚህ ከሦስተኛው በኋላ ጀበናው ሲገለበጥ ተራራ ይወጣዋል። ብቻ በደንብ ካልደረቀ ይሻግታል።

ጭቅጭቁ የመጣው በጣቢያው ነው። ጅማ ባቡር ገብቶ አያውቅም፣ ስለዚህ ሁሉም ልክ ነው። ሂርማታ ገበያ አጠገብ ካልሆነ ቡናው ከየት ሊጫን ነው የሚል አለ። የአዌቱን ወንዝ በድልድይ ካልተሻገረ ምኑን ባቡር ሆነ የሚልም አለ። አንዱ ልጅ ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ ይውጣ አለ። በአንድ ሜትር ከሦስት ሴንቲ ሜትር በላይ ከወጣ ሎኮሞቲቩ እንደሚንሸራተት ነገርኩት። "ታዲያ አባ ጅፋር ይውረዱ!"

ዳኛችን ድሬዳዋ ያደጉት እማማ ናቸው። ሀዲዱን ገና ሲያዩት "ይሄ ሰፊ ነው፤ የኛው ጠበብ ይላል" አሉ። እውነታቸውን ነው። የጥንቱ የጅቡቲ መስመር ስፋቱ 1 ሜትር ነበር። እኔ ያመጣሁት 16.5 ሚሊ ሜትር በ87 ሲባዛ 1,435 ሚሊ ሜትር ግድም ይሆናል፤ ያ የአዲሱ መስመር ልክ ነው። እማማ ይህ ሁሉ ስሌት አላረካቸውም። "ሰዉስ? ሻጭ የለ፣ ሸኚ የለ፣ የሚያለቅስ የለ፤ ይሄ ምን ጣቢያ ነው?" አሉ።

ልጆቹ አሁን ከሽቦ ሰው እየሠሩ ነው። ጣቢያውን ሂርማታ አሸነፈ። የአዌቱዎቹ ግን አልተዋጠላቸውም፤ ሳንነግራቸው ድልድያቸውን ጨርሰው ይዘው መጡ። በጣም ያምራል። የሚቀጠልበት ቦታ ግን የለውም፣ ቅዳሜ እንከራከርበታለን።