ስለ እታለም ሳስብ

ዛሬ ሆዴን ባር ባር ብሎታል። ከቅዳሴ በኋላ ቤት መግባት አስጠላኝና ሀይቁ ዳር ወርጄ ቡና አዘዝኩ፣ ክረምቱ ገና አልወጣም፣ ጣና ደፍርሷል፣ ነፋሱም ቀዝቃዛ ነው። ምን ሆንክ ብትሉኝ ይሄ ነው የምለው የለኝም፣ ምናልባት እታለምን አይቻት ይሆናል፣ እሷን ደሞ በየሳምንቱ ነው የማያት፣ ዛሬ ለምን እንደከበደኝ እንጃ።

መቼም ታውቋታላችሁ። ሰዉ ለመቁረብ ሲነሳ እሷ ጉልበቷን ወደ ጎን ሰብሰብ አድርጋ ታሳልፋለች፣ ከዛ እናቶቹ ተራ በተራ "እታለም እስቲ ያዢልኝ" እያሉ ሕፃኖቻቸውን እሷ ላይ ጣል አድርገው ይሄዳሉ። ዛሬ አንዱን ታቅፋ አንዱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ነበር፣ የታቀፈችው የነጠላዋን ጥለት አፉ ውስጥ ከቶ ያኝካል፣ እሷ ዐይኗን ከመንበሩ ሳትነቅል ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። እናቶቹ ቆርበው ተመለሱ፣ ልጆቻቸውን ተቀበሏት፣ እሷ ነጠላዋን አስተካክላ ቁጭ አለች።

ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ይሄ ለምን እንደሚያመን ብዙም አይገባቸውም። እነሱ ጋ ጎልማሳው አብዛኛው አይቆርብም፣ ሁሉም ለምዶታል፣ ያልቆረበውን ዞር ብሎ የሚያይ የለም። እኛ ካቶሊኮች ግን ጥቂት ነን፣ ሲነሳ ሁሉም ይነሳል፣ የተቀመጠ ሰው ከበር ላይ ይታያል። ቅጣት ተብሎ የተሰራ አይደለም፣ ግን በየእሁዱ በሰው ፊት መቅረት ከቅጣት በምን ያንሳል?

በቤተክርስቲያን ያገባት ሰውዬ ልጆች አስታቅፏት ጠፋ፣ መተማ ነው ሲባል ሱዳን ነው ሲባል በዛው ቀረ። አሁን አብሯት የሚኖረው ጋሼ የሰው ልጆች እንደራሱ አሳድጎ፣ አስተምሮ፣ ዳረ። ግን የመጀመሪያው ጋብቻ አልፈረሰም ስለዚህ ይሄኛው ጋብቻ አይባልም፣ ስለዚህ እታለም አትቆርብም። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ከገጠር መጥቶ አስታማሚ ላጣ በሽተኛ አጥሚት በፔርሙስ ይዛ የምትሄደው ሴት፣ ካቶሊክ ይሁን ኦርቶዶክስ ይሁን ሙስሊም ይሁን ጠይቃ የማታውቀው ሴት። ሕግ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፣ ጋብቻ ጥለኸው የምትሄደው ነገር አይደለም የሚል ሕግ ባይኖር ያንን ሰውዬ ማን በደልክ ይለው ነበር? ግን ተመልከቱ፣ ሕጉ በዳዩን አላገኘውም፣ የተበደለችውን ነው የያዘው።

እንዲህ እያልኩ ወደ ውሃው ሳይ ጎርጎራ ትዝ አለኝ። ከዚህ አይታይም ግን በሰሜን በኩል ማዶ ነው፣ የካቶሊክ ሚስዮናዊው ፔድሮ ፓኤዝ የሞተበት። እ.ኤ.አ. በ1603 መጥቶ ግእዙንም አማርኛውንም ተማረ፣ ከሊቃውንቱ ጋር ተከራከረ፣ ኋላ ካቶሊክ ለሆነው ለአፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ሠራ፣ በ1622 እዚሁ ጣና ዳር አረፈ። በ1625 የመጣው የካቶሊክ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ቄሶቹ እንደገና ይካኑ፣ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና ይባረኩ፣ ጾሙም በዓሉም በሮም ይሁን አለ። ደም መፋሰሱ ከሱ በፊትም ነበር፣ ሁሉንም እሱ ላይ አልጭንም፣ ግን ይሄ ከመጣ በኋላ አገሩ ነደደ፣ ሱስንዮስም በ1632 ያ ሁሉ ሺህ ሰው ካለቀ በኋላ ሕዝቡን ወደ ቀደመ ሃይማኖቱ መልሶ መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲለደስ ተወ። እኔን የሚያስፈራኝ ሜንዴዝ ክፉ ስለነበር አይደለም። ነፍስ አድናለሁ ብሎ ነው። ሰው ሁለተኛ ሲጠመቅ የመጀመሪያው ጥምቀቱ፣ የእናቱ ጸሎት፣ የአባቱ ቀብር ሁሉ ውሸት ነበር እየተባለ መሆኑ አልታየውም። እኛ እዚህ አገር ካቶሊክ ነን ስንል ሰው ቶሎ የሚያስታውሰው እሱን ነው፣ ፓኤዝን አይደለም፣ አልፈርድባቸውም።

ጌታ "ሰንበት ስለ ሰው ተፈጥሮአል እንጂ ሰው ስለ ሰንበት አልተፈጠረም" ያለው እኮ ሕግ ለሚያውቁ ሰዎች ነው፣ ለማያውቁት አይደለም።

ነፍሳቸውን ይማርና ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2013 በጻፉት ላይ ቁርባን ለፍጹማን የሚሰጥ ሽልማት አይደለም፣ ለደካሞች መድኃኒትና ምግብ ነው ብለዋል፣ ቤተክርስቲያንም ኬላ አይደለችም፣ የአባት ቤት ናት። ሀገረ ስብከታችን በተቋቋመበት በ2015 ደሞ ጋብቻው ከመጀመሪያው አልጸናም የሚባልበትን የፍርድ ሂደት አቀለሉት፣ ለኛ ለምሥራቅ ሥርዓት ካቶሊኮችም ለብቻው ደብዳቤ ወጣ። በ2016 ስለ ቤተሰብ በጻፉት አሞሪስ ሌቲሲያ በተባለው መልእክት፣ ያውም በግርጌ ማስታወሻ ቁጥር 351፣ እንደ እታለም ያሉ ሰዎችን ጉዳይ አንድ በአንድ አይቶ በምሥጢራትም ጭምር መርዳት እንደሚቻል ጻፉ፣ 4 ካርዲናሎች ግልጽ ይደረግልን ብለው ጠየቁ፣ ዓለም ተጨቃጨቀ። ያቺን ግርጌ ማስታወሻ ሳነብ አለቀስኩ ብል ማጋነን አይደለም፣ እታለም ተጽፋ ያየኋት ነው የመሰለኝ።

የኛ አባም ጠርተዋታል እኮ። ነይና ቁጭ ብለን እንነጋገር ብለዋታል። የፍርዱን ነገር ሲያነሱላት "ያ ጋብቻ አልነበረም ብዬ ልመስክር? በኩሬን የወለድኩበትን?" አለች። ሌላውንም መንገድ እንየው ሲሏት ደሞ "አባ፣ እኔን አይተው ልጆቹ ትዳርን ቀላል አድርገው ቢይዙትስ? ደሞ ሕፃናቱን ማን ይይዝላቸዋል?" ብላ ሳቀች አሉ።

እዚህ ላይ ነው ሐሳቤ የሚጠላለፍብኝ። እኔ ፍቅር ከሕግ ይቅደም ብዬ ስሟገትላት እሷ ሕጉን የያዘችው ከፍቅር ነው፣ ለኛ ልጆች ብላ። ታዲያ በግድ ተነሺ ልበላት? እሱም ያው ሜንዴዝነት አይሆንም? ተይው እንዳልላት ደሞ መድኃኒት ነው ብዬ አምናለሁ፣ የታመመ ሰው ለሌላው ብሎ መድኃኒት ሲተው ዝም ብሎ ማየት ምን ዓይነት ፍቅር ነው?

የሚመጣው እሁድ ሳልነሳ አጠገቧ ቁጭ ብል፣ አንዱን ሕፃን ብይዝላትስ? ደስ ይላታል ወይስ በኔ ምክንያት አንድ ሰው ሳይቆርብ ቀረ ብላ ታዝናለች? አባን መጠየቅ ይሻል ይሆን ወይስ ራሷን?