ሊኑክስ በውጭ ኤስኤስዲ ላይ፦ የእህቴ ላፕቶፕ አልነሳም ካለ በኋላ የተማርኩት

ጅማ ፈረንጅ አራዳ ያለው ቤታችን አንድ ላፕቶፕ አለው፤ እሱም የታላቅ እህቴ ነው። እሷ የሒሳብ ባለሙያ ናት። ቀን ቀን የነጋዴዎችን መዝገብ ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ትሠራበታለች፤ ማታ ራት ከተበላ በኋላ ተራው የእኔ ነው። እኔ በማናና በጎማ ወረዳዎች ባሉ የቡና ማሳዎች ላይ ጥናት እየሠራሁ ነው። ካርታውን ኪውጂአይኤስ፣ ስሌቱን አር በሚባሉ ፕሮግራሞች አዘጋጃለሁ። የላፕቶፑ ዲስክ 256 ጊጋባይት ብቻ ስለሆነ የእኔ የሳተላይት ምስሎች ሲጨመሩበት ሞልቶ መንቀርፈፍ ጀመረ።

ሌላም ነገር ነበር። ለማተም ፋይሎቼን በፍላሽ ይዤ ሂርማታ ሰፈር ወዳለ የጽሕፈትና የማተሚያ ቤት በሄድኩ ቁጥር ፍላሹ ያንን ሁላችንም የምናውቀውን የሾርትከት ቫይረስ ይዞ ይመለሳል። አንድ ጊዜ ፎልደሮቼ በሙሉ ተደብቀው በምትካቸው ሾርትከት ብቻ አገኘሁ። ያ ፍላሽ የእህቴ መዝገብ ባለበት ማሽን ላይ መሰካቱን ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር፤ የሰው ግብርና ደመወዝ ያለበት መዝገብ ነው።

ስለዚህ በ2016 ክረምት ላይ 480 ጊጋባይት የሚይዝ ኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ) በዩኤስቢ ከሚሰካ ማቀፊያው ጋር ገዛሁ። ሐሳቤ ግልጽ ነበር፤ እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ስርዓተ ክወና የሆነውን ሊኑክስን እሱ ላይ መጫን፣ ስፈልግ ሰክቼ ማስነሳት፣ ስጨርስ ነቅዬ ኪሴ መክተት፣ የእህቴን ዊንዶውስ ጭራሽ አለመንካት። ሊኑክስን ፍላሽ ላይ አድርጌ ከዚያው ለመሥራት ቀደም ብዬ ሞክሬ ነበር። ፍላሽ ትልቅ ፋይል ለመቅዳት እንጂ ስርዓተ ክወናው በየሰከንዱ የሚጽፋቸውን ሺህ ጥቃቅን ነገሮች ለመቋቋም አልተሠራም፤ ብሮውዘር ለመክፈት እንኳ ያስጠብቃል፣ ቶሎም ያልቃል። ኤስኤስዲ የተሠራው ለዚህ ነው።

ሦስት ጊጋባይት ገደማ የሚሆነውን የመጫኛ ፋይል ያወረድኩት በሌሊት ጥቅል ነው። የመጀመሪያው ሌሊት ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ ተቋርጦ ተቀጠለ፤ ጠዋት ፋይሉ ሙሉ መስሎ ተቀምጧል። ግን ከፋይሉ ጋር የሚሰጠውን 64 ፊደልና ቁጥር ያለውን የማረጋገጫ ኮድ ሳስተያየው አልገጠመም። ይህን ሳላይ ጭኜው ቢሆን ኖሮ ችግሩ የሚወጣው መሐል መንገድ ላይ ነው፤ ያኔ ዲስኩን ልጠርጥር፣ ላፕቶፑን ልጠርጥር አላውቅም። በሁለተኛው ሌሊት በቶረንት አወረድኩት። ቶረንት ፋይሉን በቁርጥራጭ ስለሚያወርድና እያንዳንዱን ቁራጭ ስለሚያረጋግጥ መቆራረጥ ላለበት መስመር የተሻለ ነው፤ ቢቋረጥም ከቆመበት ይቀጥላል። ኮዱ ገጠመ። ፍላሽን መጫኛ በሚያደርገው ሩፈስ በሚባል ፕሮግራም 16 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ አዘጋጀሁትና የመጫኛዬ ነገር አለቀ።

የመጫኑን ሥራ ራሱን በአጭሩ ልለፈው፤ ከባዱ ነገር እሱ አይደለም። ከኡቡንቱ የተወለደ ቀላል ዝርያ ነው የመረጥኩት። ላፕቶፑን ሳስነሳ ኤፍ 9 ተጭኜ ፍላሹን መረጥኩ (በሌላ ማሽን ኤፍ 12 ሊሆን ይችላል)፣ «ሌላ ምርጫ» የሚለውን ወስጄ ዲስኩን በእጄ ከፋፈልኩት። 60 ጊጋባይት ለስርዓቱ፣ 300 ያህሉን ለሥራዬ፣ የቀረውን ደግሞ ዊንዶውስም ሊኑክስም በሚያነቡት ኤክስፋት ለፋይል መለዋወጫ። መጀመሪያው ላይ 512 ሜጋባይት የኢኤፍአይ ክፍል (የማስነሻ ፋይል የሚቀመጥበት) ሠራሁ። ዲስኩን የለየሁት በስሙ ሳይሆን በመጠኑና በሞዴሉ ነው፤ ሊኑክስ ዛሬ ኤስዲኤ ያለውን ዲስክ ነገ ፍላሽ ሲጨመር ኤስዲቢ ሊለው ይችላልና። 256 ያለው የእህቴ፣ 480 ያለው የእኔ፤ ሦስት ጊዜ አይቼ ነው «ጫን» ያልኩት። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ውጭ ያ የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እኔ ደግሞ ሊኑክሴ ከራሴ ዲስክ ሲነሳ እያየሁ ደስ ብሎኛል። ዲስኩን ነቅዬ ተኛሁ።

በማግስቱ ጠዋት እህቴ ደወለችልኝ።

«ላፕቶፑን ምን ነካኸው? ጥቁር ነው። ግራብ የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው የሚታየው።»

ነሐሴ መሆኑን አስታውሱ። በዚያ ዓመት የደረጃ «ለ» ግብር ከፋዮች የሚያሳውቁት እስከ ነሐሴ 30 ነበር፤ እሷ በዚያ ሳምንት ቀና ብላ ሰው የምታይበት ጊዜ አልነበራትም። ላብ አሰመጠኝ። «እቴቴ፣ አጥፊውና እንደገና ስታበሪው ኤፍ 9 ቶሎ ቶሎ ተጫኚ፤ ከሚመጣው ዝርዝር ዊንዶውስ ቡት ማናጀር የሚለውን ምረጪ» አልኳት። ስልኩን ሳትዘጋ ሞከረች። ዊንዶውሱ ተነሳ፤ መዝገቧ በሙሉ ነበር። «ማታ አስተካክለህ ታሳየኛለህ» ብላ ዘጋች።

ዲስኳ ላይ አንድ ፋይል አላጠፋሁም። ታዲያ ምን ሆነ? ቀኑን ሙሉ ይህንን ሳነብ ዋልኩ፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም በዋናነት ለዚህ ነገር ነው።

በዛሬ ላፕቶፖች ላይ ማሽኑን የሚያስነሳው ዩኢኤፍአይ የሚባለው ነው። እሱ ስርዓተ ክወናውን በቀጥታ አያውቀውም፤ የኢኤፍአይ ክፍል ውስጥ ያለች ትንሽ የማስነሻ ፋይል ነው የሚፈልገው። ለሊኑክስ ያቺ ፋይል ግራብ ናት። እኔ ለኤስኤስዲው የራሱን የኢኤፍአይ ክፍል ሠርቼለት ነበር፤ የማስነሻ ቦታውንም ኤስኤስዲው ላይ ብዬ መርጬ ነበር። ጫኙ ግን ማሽኑ ላይ መጀመሪያ ያገኘውን የኢኤፍአይ ክፍል ነው የተጠቀመው፤ ያ ደግሞ የእህቴ ዲስክ ላይ ያለው ነው። ግራብ ከዊንዶውስ ማስነሻ አጠገብ ተቀመጠ፤ በማዘርቦርዱ ማስታወሻ ውስጥም ተራውን ቀድሞ ያዘ። ስለዚህ የእኔ ዲስክ ሲነቀል ቤቱ ሄደ፣ በሩ እህቴ ጋ ቀረ። ግራብ ሌላውን አካሉን ፈልጎ ሲያጣ ያንን ጥቁር ገጽ ይዞ ቆመ። በሌላ አቅጣጫ ደግሞ የእኔ ዲስክ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ቢሰካ በራሱ ሊነሳ አይችልም ነበር፤ በር የለውማ። መጫኑ ሲጠናቀቅ ሁለቱም ዲስክ ተሰክቶ ስለነበር ሁሉም ነገር የተሠራ መሰለኝ። ያን ማታ ነቅዬ ላፕቶፑን አንዴ አስነስቼ ባየው ኖሮ እህቴ ያንን ጠዋት አታይም ነበር።

ማታ ከመንካቴ በፊት አንድ ነገር አረጋገጥኩ፦ ቢትሎከር የሚባለውን የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ። የዊንዶውሱ ዲስክ በቢትሎከር ከተቆለፈ የማስነሻውን ነገር ስንነካካ 48 አኃዝ ያለው የማስመለሻ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል፤ ቁልፉ ከሌለ መዝገቡም የለም። የእሷ አልተቆለፈም። የሌላ ሰው ማሽን የምትነኩ ከሆነ ግን ይህንን ከሁሉ በፊት አድርጉት፤ ቁልፉንም ወረቀት ላይ ጻፉት። የእህቴን የፒችትሪ ባክአፕም ለብቻው ገልብጬ አስቀመጥኩ፤ ይህም ከመጀመሪያው ቀን መሆን የነበረበት ነው።

ከዚያ እንደገና በመጫኛ ፍላሹ አስነሳሁ። ጂፓርትድ የሚባለውን የዲስክ መከፋፈያ ፕሮግራም ከፍቼ የእህቴ ዲስክ ላይ ካለው የኢኤፍአይ ክፍል «ቡት» እና «ኢኤስፒ» የሚሉትን ምልክቶች ለጊዜው አነሳሁ። ምልክቱ ከሌለ ጫኙ ያንን ክፍል እንደ ማስነሻ ቦታ አያየውም፤ የሚያየው የእኔን ብቻ ነው። ሊኑክሱን እንደገና ጫንኩት፤ አሁን ግራብ ኤስኤስዲው ላይ ገባ። ከዚያ ምልክቶቹን ወደ ቦታቸው መለስኩ። ይህን መመለስ የሚረሳ ሰው ዊንዶውሱን እንዳይነሳ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ከመጀመሬ በፊት ወረቀት ላይ ጽፌ ላፕቶፑ ክዳን ላይ ለጥፌው ነበር። በመጨረሻ ከእሷ ክፍል ውስጥ ትናንት የገባውን የግራብ ፎልደር አወጣሁ፣ በማዘርቦርዱ ዝርዝር ዊንዶውስን አንደኛ አደረግሁ።

አንድ ነገር ይቀራል። ዩኢኤፍአይ የማያውቀው ዲስክ ሲሰካበት የሚፈልገው አንድ የተወሰነ ቦታ ነው፤ «ኢኤፍአይ» ፎልደር ውስጥ «ቡት» በሚለው ሥር የሚቀመጥ፣ ስሙ አስቀድሞ የተወሰነ ፋይል። ዲስኩ የትም ማሽን ላይ እንዲነሳ ግራብ እዚያም መገኘት አለበት። ግራብን «ሪሙቨብል» (ተነቃይ) ከሚለው ምርጫ ጋር አንድ ጊዜ መጫን ይህን ያደርጋል። ምልክት ማንሳትና መመለስ የሚያስፈራው ሰው የውስጡን ዲስክ በባዮስ (በማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) እንዳይታይ ማድረግ ከቻለ ወይም ፈትቶ ማውጣት ከቻለ እሱ ከሁሉ ይሻላል፤ የሌለ ዲስክ ላይ የሚሳሳት የለም። የእህቴ ላፕቶፕ ባዮስ ግን ያንን አይፈቅድም፤ ብሎኖቹን ደግሞ በግብር ሳምንት ልፈታ አልደፈርኩም።

ዲስኩን ነቅዬ ፊቷ ሦስት ጊዜ ሪስታርት አደረግኩላት። ሦስቱንም ጊዜ ዊንዶውስ ተነሳ። ከዚያ በኋላ ነው የተኛሁት።

ከሳምንት በኋላ «ሰዓቱ ለምን ወደ ኋላ ሄደ?» አለችኝ። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ላፕቶፑ 5 ይላል። ሊኑክስ በማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ይይዛል፣ ዊንዶውስ ደግሞ ያንኑ እንደ አገር ሰዓት ያነባል፤ የእኛ አገር ከዓለም አቀፉ 3 ሰዓት ስለሚቀድም ልዩነቱ ልክ ያንን ያህል ነው። የማዘርቦርዱን ሰዓት እንደ አገር ሰዓት እንዲወስደው ለሊኑክሱ አንድ ትእዛዝ ስሰጠው ተስተካከለ። ዲስኬን የምሰካባቸው ማሽኖች ሁሉ ዊንዶውስ ስላላቸው ለእኔ ይህ ይሻላል።

ስለ ገመድና ቀዳዳ የተማርኩትንም ልናገር። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሊኑክሱ ሲንቀራፈፍ ኤስኤስዲውን ነበር የጠረጠርኩት። የሰካሁት በጥቁሩ ቀዳዳ፣ ማለትም በዩኤስቢ 2 ነው፤ የእሱ ጣሪያ በሰከንድ 480 ሜጋቢት ነው። በሌላው ጎን ያለው ሰማያዊው ዩኤስቢ 3 ግን 5 ጊጋቢት ይደርሳል። ወደዚያ ስቀይረው ሌላ ማሽን የያዝኩ መሰለኝ። ገመዱ ደግሞ ረጅምና ላላ ያለ ነበር። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ በባትሪ ስሠራ፣ ሻማ ላመጣ ስነሳ ልብሴ ገመዱን ነካው። ስክሪኑ ባለበት ደረቀ። ስርዓተ ክወናው የተቀመጠበትን ዲስክ መንቀል ማለት እየሮጠ ያለ መኪና ሞተር ማውጣት ነው። ሳስነሳው ፋይል ሲስተሙን በእጄ እንድጠግን ጠየቀኝ፤ በኤፍኤስሲኬ ጠገንኩት፣ የሊኑክሱ ፋይል ሲስተም ኤክስት 4 ደግሞ የሚጽፈውን አስቀድሞ በመዝገብ ስለሚይዝ ዲስኩ ተረፈ። የጠፋው ግን 40 ደቂቃ ያህል ያስገባሁት የማና ማሳዎች መረጃ ነው። አሁን አጭር ገመድ ገዝቻለሁ፤ ኤስኤስዲውንም ከላፕቶፑ ክዳን ጀርባ አጣብቄዋለሁ። የዕለቱን ሥራ ሳልገለብጥ አልተኛም።

ለእህቴም አንድ ነገር ነግሬያታለሁ፤ ዲስኬ ተሰክቶ ዊንዶውስ «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ቢጠይቅ እምቢ እንድትል። ዊንዶውስ የማያውቀውን ክፍል ሲያይ ባዶ መስሎት የሚጠይቅበት ጊዜ አለ፤ እሺ ማለት የአንድ ዓመት ጥናቴን ማጥፋት ነው።

አማርኛ መጻፊያው ቀላል ነበር፤ አይባስ በሚባለው የሊኑክስ መጻፊያ ላይ የኤም 17 ኤን ጥቅልን ጨምሬ «ሴራ» (SERA) የሚባለውን የአማርኛ አጻጻፍ መረጥኩ፣ ድምፁን በላቲን ስጽፍ ፊደሉ ይመጣል።

ጂሬን መንገድ ላይ የሚኖር ጓደኛዬ ላፕቶፕ ላይ ዲስኬ ያለ ምንም ጥያቄ ተነሳ፤ ዋይፋዩንም ድምፁንም ራሱ አወቀው። ሊኑክስ አብዛኛውን ድራይቨር ከርነሉ (ዋና አካሉ) ውስጥ ይዞ ስለሚዞር ነው። ሂርማታ ያለው ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ግን ጭራሽ አላየውም። እሱ ከዩኢኤፍአይ በፊት የተሠራ፣ አሮጌውን ባዮስ ብቻ የሚያውቅ ማሽን ነው። ደግነቱ ሊኑክሴ እንደሚፈልገው 64 ቢት ነው። ቤት ተመልሼ ዲስኩ ላይ 1 ሜጋባይት የምታህል ፎርማት ያልተደረገች ክፍል ጨመርኩ፤ ለአሮጌው ባዮስ የሚሆነውን ግራብም እዚያ ጫንኩ። ሁለቱ ግራቦች አንዱ ሌላውን አይነካም።

በቀጣዩ ቅዳሜ ፍላሽ ሳልይዝ ሄድኩ። የጽሕፈት ቤቱ ባለቤት እትዬ ኮምፒውተሩን አጥፍተው እንዲያስነሱልኝ ለመንኳቸው፤ «ዊንዶውሴን አይነካም?» ብለው ጠየቁኝ። «አይነካም፤ እህቴ ምስክር ናት» አልኳቸው። የጎማን ካርታ ከራሴ ዲስክ ከፍቼ አተምኩት፣ ነቀልኩ፣ ማሽኑን አስነስቼ ዊንዶውሳቸው እስኪመጣ አጠገባቸው ቆሜ ጠበቅሁ።