በኦርቪዬቶ ጉድጓድ ውስጥ የተደረገልኝ ቸርነት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እግዚአብሔር ከነበረብኝ ፍርሃት ቢያወጣኝ ያደረገልኝን ሳልሸሽግ በሰው ፊት እመሰክራለሁ ብዬ ተስዬ ነበርና ይህን የምጽፈው ስለቴን ለመፈጸም ነው። የምኖረው በሮም ከተማ ነው፤ ከባለቤቴ ጋር የተዋወቅነውም በተክሊል የተጋባነውም እዚሁ ነው። የምመሰክረው ነገር የተፈጸመው ግን ከሮም በስተሰሜን በኡምብሪያ ክፍለ ሀገር በምትገኘው ኦርቪዬቶ በተባለች ጥንታዊት የኮረብታ ከተማ፣ ሁለታችን ለጉብኝት በሄድንበት ቀን ነው።

ወደ ኢጣሊያ የመጣሁት ብዙ ወገኖቼ በመጡበት መንገድ ነው። በመተማ ወጥቼ ሱዳንንና ሰሐራን ካቋረጥሁ በኋላ ሊቢያ ስደርስ፣ ደላሎቹ ቤኒ ዋሊድ በሚባለው አካባቢ ከመሬት በታች በተሠራ መጋዘን ውስጥ ዘጉብን። በጣሪያው ጥግ ካለች አንዲት ቀዳዳ በቀር ብርሃን የሚገባበት አልነበረም። የብረቱ በር ሲከፈት ወይ ደረቅ ዳቦ ይወረወርልናል፣ ወይ ደግሞ ስልክ የያዙ ሰዎች ገብተው ቤተሰቦቻችን የማስለቀቂያውን ገንዘብ እንዲልኩ እየደበደቡ ያስደውሉናል። እናቴ ከብቶቿን ሸጣ፣ ከዘመድም ተበድራ ላከችልኝና ወጣሁ። ከጎኔ ትተኛ የነበረችው የወሎ ልጅ ግን የሚልክላት አጥታ እዚያው አረፈች፤ ነፍሷን ይማርልኝ። ባሕሩን በጎማ ጀልባ ተሻግሬ ላምፔዱዛ ስደርስ ሁሉም ነገር ያበቃ መስሎኝ ነበር።

ሰውነቴ ቶሎ አገገመ፤ ልቤ ግን ከዚያ መጋዘን አልወጣችም። ሊፍት ውስጥ መግባት አልችልም ነበር። መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ትንፋሽ ያጥረኛል፤ በር ሲቆለፍ ከሰማሁ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ሌሊት መብራት ከጠፋ እየጮኽሁ እነሳለሁ። የማስታምማቸው አሮጊት ሴትዮ የሚኖሩት አምስተኛ ፎቅ ላይ ስለነበረ የገበያውን ዕቃ ተሸክሜ ደረጃውን እወጣለሁ። ከመሬት በታች የሚሄደው ሜትሮ በጥቂት ደቂቃ የሚያደርሰኝን መንገድ፣ በንጋት ተነሥቼ በአውቶቡስ እየቀያየርሁ እሄደው ነበር። ባለቤቴ አንድ ቀንም አልተሰላቸብኝም። እንግዳ ቤት ስንሄድ ቀድሞ ገብቶ መስኮት ያለበትን ቦታ ይመርጥልኛል፤ ሰው እንዳይጠይቀኝም ነገሩን በዘዴ ያሳልፈዋል።

የንስሐ አባታችን ጸበል እንድጠመቅና መዝሙረ ዳዊት እንድደግም አዘዙኝ፤ ሐኪምም እንዳላቋርጥ አጥብቀው መከሩኝ፤ ሁለቱም የእግዚአብሔር ናቸውና። ከምክራቸው ሁሉ በልቤ የቀረው ግን አንድ ቀን የነገሩኝ የነቢዩ የኤርምያስ ታሪክ ነው። ኤርምያስን በገመድ አውርደው ውኃ በሌለበት፣ ጭቃ ብቻ በሞላበት ጉድጓድ ውስጥ ጣሉት፤ በጭቃውም ውስጥ ገባ። ስለ እርሱ ወደ ንጉሡ ወደ ሴዴቅያስ ገብቶ የተናገረው ከእስራኤል አለቆች አንዱ አልነበረም፤ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነው። አቤሜሌክም ሰዎች ይዞ ሲመጣ አሮጌ ጨርቅና እላቂ ልብስ ወደ ጉድጓዱ አወረደና ገመዱ እንዳይቆርጠው ጨርቁን በብብቱ ሥር እንዲያደርገው ለነቢዩ ነገረው። አባታችን ይህን ከተረኩልኝ በኋላ፣ «እግዚአብሔር ሲያወጣ እንዲህ በርኅራኄ ነው የሚያወጣው፤ ገመዱ አይቆርጥሽም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስጸልይ፣ «ጌታ ሆይ፣ ለእኔም አቤሜሌክን ላክልኝ» እል ነበር።

ወደ ኦርቪዬቶ የሄድነው በኤፕሪል 25 ነው። ዕለቱ ኢጣሊያ በ1945 ከፋሺስትና ከናዚ አገዛዝ ነጻ የወጣችበት መታሰቢያ ስለሆነ ሁለታችንም ከሥራ ነጻ ነበርን። ከቴርሚኒ ጣቢያ ተነሥተን ከአንድ ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ደረስን። በመንገዱ ላይ ባቡሩ ዋሻ ውስጥ በገባ ቁጥር የባለቤቴን እጅ ይዤ ዓይኔን እጨፍን ነበር። ከተማዋ ከሩቅ ስትታይ እጅግ ታስደንቃለች፤ እሳተ ገሞራ ከተፋው አመድ በተጋገረ፣ ዙሪያው እንደ ግድግዳ ቀጥ ባለ ቢጫማ ቋጥኝ ላይ ተቀምጣለች። ከጣቢያው ወደ ላይ የሚያወጣው በገመድ የሚጎተት ባቡር፣ ፉኒኮላሬ የሚሉት፣ መጀመሪያ በ1888 ሲሠራ በውኃ ክብደት ይንቀሳቀስ ነበር። ሆኖም በመውጫው ላይ ዋሻ ውስጥ እንደሚያልፍ ስለሰማሁ ባለቤቴ ምንም ሳይለኝ የአውቶቡስ ትኬት ቆረጠ።

በቅድሚያ የተሳለምነው ትልቁን ካቴድራል ነው። ግንባታው የተጀመረው በ1290 ሲሆን ግድግዳው በጥቁርና በነጭ ድንጋይ እየተፈራረቀ የተሠራ ነው። በ1263 በአቅራቢያው በምትገኘው ቦልሴና ቅዳሴ ላይ ደም ነጠበበት የሚባለው የመሠዊያ ልብስም የሚጠበቀው በዚሁ ነው። ነጠላዬን ተከናንቤ ገባሁ። ሥርዓታችን ከእነርሱ ቢለይም፣ ሳን ብሪትሲዮ በሚባለው የጸሎት ክፍል ሉካ ሲኞሬሊ ከ1499 እስከ 1504 በግድግዳው ላይ ከሣላቸው ሥዕሎች ፊት ለረጅም ጊዜ ቆሜ ቀረሁ። አንደኛው የሙታንን ትንሣኤ የሚያሳይ ነው። ከላይ ሁለት መላእክት መለከት ይነፋሉ፤ ከታች ሰዎች ከነጭ ሜዳ ውስጥ እየወጡ ነው። አንዱ ገና ራሱ ብቻ ብቅ ብሏል፤ ሌላው ክንዱን መሬት ላይ ተደግፎ ወገቡን ለማውጣት ይታገላል፤ አጥንታቸው ገና ሥጋ ያልለበሰም አሉ፤ የወጡት ደግሞ ተቃቅፈው ቆመዋል። ያን በክንዱ ተደግፎ የሚታገለውን ሰው አይቼ ዓይኔን ማንሣት አቃተኝ። ያቺ የወሎ ልጅም አንድ ቀን እንዲህ ትወጣለች ብዬ አለቀስሁ።

ከምሳ በኋላ ባለቤቴ ሊያየው ወደሚመኘው የቅዱስ ፓትሪክ ጉድጓድ ሄድን። በ1527 የንጉሠ ነገሥቱ የካርሎስ አምስተኛ ወታደሮች ሮምን በዘረፉ ጊዜ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀሌምንጦስ ሰባተኛ ሸሽተው ወደ ኦርቪዬቶ መጡ፤ ከተማዋ ብትከበብ ሕዝቡ በውኃ ጥም እንዳያልቅም አንቶኒዮ ዳ ሳንጋሎ የተባለውን አርክቴክት ይህን ጉድጓድ እንዲያስቆፍር አዘዙት። በ1537 ሲያልቅ እርሳቸው ሞተው ነበር። ጥልቀቱ ከ50 ሜትር በላይ ነው። በዙሪያው እየተጠማዘዙ የሚወርዱ ሁለት ደረጃዎች አሉት፤ በአንደኛው የወረደ በሌላኛው ይወጣል እንጂ ወራጅና ወጪ አይገናኙም። ይህም ውኃ የሚያመላልሱት በቅሎዎች መንገድ ላይ እንዳይጋጩ የታሰበ ነው። ባለቤቴ ይህን ሁሉ አንብቦ ሲነግረኝ፣ «አንተ ውረድ፤ እኔ በአትክልቱ ቦታ እጠብቅሃለሁ» አልሁት። እርሱም፣ «ያላንቺ ምን ላደርግ እወርዳለሁ፤ ይቅር» አለኝ።

ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር በልቤ የመጣው። እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ኤርምያስ ጉድጓድ ውስጥ ሳለ እግዚአብሔር ከእርሱ ጋር አልነበረምን የሚል ሐሳብ አደረብኝ። በመጋዘኑስ ማን አቆየኝ? ስልኬ ላይ መዝሙረ ዳዊትን ከፍቼ፣ እግዚአብሔር ከጥፋት ጉድጓድ አውጥቶ እግሮቹን በድንጋይ ላይ እንዳቆመለት የሚናገረውን መዝሙር ደገምሁ። ከዚያም ዓይኔን ጨፍኜ፣ «ጌታ ሆይ፣ አንተ አብረኸኝ ካልወረድህ አልወርድም፤ ከወረድህ ግን ዛሬ አውጣኝ» ብዬ ለመንሁ። ተነሥቼ እንደምወርድ ስነግረው ባለቤቴ ደነገጠ። «እርግጠኛ ነሽ እናቴ? ማንም አያስገድድሽም እኮ» አለኝ። ነጠላዬን ከትከሻዬ አውርጄ አንዱን ጫፍ ሰጠሁት፣ ሌላውን እኔ ያዝሁ፤ እርሱ ከፊት እኔ ከኋላ ሆነን ገባን።

ደረጃዎቹ ለበቅሎ የተሠሩ ስለሆኑ ዝቅ ያሉና ሰፋፊ ናቸው፤ በየጥቂቱ ርቀት ወደ ጉድጓዱ መካከል የሚያሳዩ መስኮቶች አሉ፤ ብርሃን የሚገባው በእነርሱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ላይ ደኅና ነበርሁ። እየወረድን በሄድን መጠን ግን ብርሃኑ ደበዘዘ፤ አየሩም ቀዘቀዘ፤ ከዚያም የእርጥብ ግድግዳ ሽታ መጣ። ያ ሽታ የመጋዘኑ ሽታ ነው። ጆሮዬ ጮኸ፤ ላብ አጠመቀኝ፤ ጉልበቴ ከዳኝና ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልሁ። ባለቤቴ አልጎተተኝም፤ እንመለስም አላለኝም። የነጠላውን ጫፍ እንደያዘ ከፊቴ ተንበርክኮ፣ «አይዞሽ፤ በዚህ በኩል እንያዝሽ» ብሎ የነጠላውን መካከል በጀርባዬ አዙሮ በብብቴ ሥር አሳለፈልኝና ሁለቱን ጫፍ በእጁ ያዘ። እርሱ ሊደግፈኝ ብሎ ያደረገው ነው፤ አባታችን ስለ አቤሜሌክ የነገሩኝን ለእርሱ ከቶ አልነገርሁትም ነበር።

ያን ጨርቅ በብብቴ ሥር ባየሁ ጊዜ የሆነውን እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም፤ በእውነት እመሰክራለሁ፣ ፍርሃቱ ለቀቀኝ። ቀስ በቀስ አልነበረም። በደረቴ ላይ ለዓመታት ተጭኖ የኖረ እጅ የተነሣልኝ ያህል ነበር። ትንፋሼ መጣ፤ የጆሮዬ ጩኸት ቆመ። ሽታው ያው እርጥበት ነው፤ ጨለማውም ያው ነው፤ እኔ ግን ኦርቪዬቶ ውስጥ ከባለቤቴ ጋር እንደሆንሁ ዐወቅሁ። ተነሥቼ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያልሁ እስከ ታች ወረድሁ።

ከታች ሁለቱን ደረጃዎች የምታገናኝ ትንሽ ድልድይ አለች፤ ከሥሯ ጥርት ያለ ውኃ ይታያል፤ ጎብኚዎች የጣሏቸው ሳንቲሞችም ያብለጨልጫሉ። ድልድዩዋ ላይ ቆሜ ቀና ስል ሰማዩ ክብ ሆኖ ታየኝ፤ በየመስኮቱም የሚወጡና የሚወርዱ ሰዎች ፊት ነበረ። መቆጣጠር አልቻልሁም፤ እልል አልሁ። ድምፁ በጉድጓዱ ዙሪያ እየተሽከረከረ ሲወጣ ሰዎቹ ሁሉ ቆመው ወደ ታች ተመለከቱ፤ አንዲት ሽማግሌ ሴት በመስኮት ሆነው አጨበጨቡልኝ። ባለቤቴ ፊቱን በነጠላው ሸፍኖ ያለቅስ ነበር። በሌላኛው ደረጃ ሁለት መቶ አርባ ስምንቱን ደረጃዎች ሳላርፍ ወጣሁና በሌላኛው በር ፀሐይ ላይ ወጥቼ መሬቱን ሳምሁ።

ማታ ወደ ጣቢያው ስንመለስ በፉኒኮላሬው ወረድን። ዋሻው ውስጥ ስንገባ ዓይኔን አልጨፈንሁም። ሮም እንደገባን ለእናቴ ደወልሁላት፤ የሆነውን ስነግራት ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ እልል አለችና ስልኩን ሳትዘጋ ወደ ሥዕለ አድኅኖው ሄዳ ሰገደች።

አሁን ወደ ሥራዬ የምሄደው በሜትሮ ነው፤ አሮጊቷንም በሊፍት ይዣቸው እወርዳለሁ፤ መብራት አጥፍቼ እተኛለሁ። ሐኪሟን ማየት አላቆምሁም፤ የሰጠችኝንም ብርታት አልክድም። የሆነውን ስሜት ነው፣ አጋጣሚ ነው የሚሉኝ አሉ፤ እኔ ግን የማውቀውን አውቃለሁ። ለዓመታት አቤሜሌክን ላክልኝ ብዬ ለምኜ፣ ያን ቀን በጉድጓድ ውስጥ ጨርቅ በብብቴ ሥር ተደረገልኝ። ይህን ያደረገ እግዚአብሔር እንደሆነ በፊታችሁ እመሰክራለሁ።

ይህን የምታነብቡ ሁሉ አንድ ልለምናችሁ። ዛሬም በቤኒ ዋሊድና በሌሎችም ቦታዎች ከመሬት በታች የተዘጋባቸው፣ ቤተሰቦቻቸው የሚልኩት ያጡ እኅቶችና ወንድሞች አሉ። ቅዳሴ ስታስቀድሱ፣ ጸበል ስትጠመቁ፣ ቤታችሁም ስትጸልዩ አስቧቸው። ማስለቀቂያ ልኮ ልጁን የሚጠብቅ እናትና አባት በአካባቢያችሁ ካለ ቤቱ ሄዳችሁ አጽናኑት።